እጅ እስከ የት ይደርሳል?

(ስለ ኅሊና ተቃውሞ ለጤና ባለሙያዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

ጤና ይስጥልኝ። ከአዳር ሥራ በቀጥታ የመጣችሁ እንዳላችሁ ፊታችሁ ላይ ይታያል። እንቅልፍ ቢወስዳችሁ አልቀየምም። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ብቻ፤ የምጠራቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

በአንድ ደብዳቤ ልጀምር።

እንግሊዝ አገር፣ ሳልፎርድ አካባቢ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ጸሐፊ ነበረች። ሥራዋ ሐኪሞች የሰጧትን መተየብ ነው። አንድ ቀን አንድ ደብዳቤ መጣላት። ነፍሰ ጡር የሆነች ታካሚ ጽንስ ለማቋረጥ ወደ ስፔሻሊስት ልትላክ ነው። ጸሐፊዋ ካቶሊክ ነች። ይህንስ አልተይብም አለች። ከሥራ ተሰናበተች።

ከሰሰች። በ1967 የወጣው የብሪታንያ የጽንስ ማቋረጥ ሕግ አራተኛው አንቀጽ፣ ኅሊናው ያልፈቀደለት ሰው በዚህ ሕክምና እንዲሳተፍ አይገደድም ይላል። ጸሐፊዋ «መሳተፍ» የምትለዋን ቃል ይዛ ቆመች። መተየብም መሳተፍ ነው አለች። ክርክሩ እስከ መጨረሻው እርከን፣ ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት እስከነበረው እስከ ጌቶች ምክር ቤት ሄደ። በ1988 መልስ ተሰጠ። ደብዳቤ መተየብ መሳተፍ አይደለም ተባለ።

ነገሩ ቀልድ ሊመስላችሁ ይችላል። ለአንድ ገጽ ደብዳቤ ይህ ሁሉ! እኔ ግን በጸሐፊዋ አልስቅም። ደብዳቤው ካልተተየበ ታካሚዋ አትሄድም። ካልሄደች ደግሞ ነገሩ አይሆንም። ሰንሰለቱ ውስጥ አንዷ ቀለበት እሷ ነች፤ እሷም ይህን አውቃዋለች። ጣጣው ያለው ሌላ ቦታ ነው። በዚህ ሂሳብ ከሄድን በሩን የከፈተው ዘበኛም ቀለበት ነው። ካርድ ያወጣው ልጅም፣ አንሶላ ያጠበችው ሠራተኛም ቀለበት ናቸው። ሆስፒታል ማለት እኮ ከላይ እስከ ታች ሰንሰለት ነው።

ከ26 ዓመት በኋላ ያው ጥያቄ ግላስጎው ላይ ተመልሶ መጣ። በዚህኛው ጉዳይ ሁለት ነባር አዋላጆች ናቸው ያሉት፤ የማዋለጃ ክፍል አስተባባሪዎች። በእጃችሁ ጽንስ አቋርጡ ያላቸው ሰው የለም። እነሱ የጠየቁት ከዚያ ራቅ ያለ ነገር ነው። ለዚህ ሥራ ሌላ አዋላጅ አንመድብም፣ የተመደበችውንም አንቆጣጠርም፣ ስትቸገርም አናግዝም አሉ። የስኮትላንድ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። በ2014 መጨረሻ ግን የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ገለበጠው። ውሳኔውን የጻፉት ሌዲ ሄል፣ መሳተፍ ማለት ነገሩን በገዛ እጅ መሥራት ነው አሉ። እግረ መንገዳቸውንም አንድ ነገር ጠቆሙ። እምቢ ያለ ባለሙያ ታካሚዋን ተቃውሞ ወደሌለው ባለሙያ የማስተላለፍ ግዴታ አለበት አሉ።

እንግዲህ ዛሬ የምናወራው ስለ እጅ ርዝመት ነው። ኅሊናችን እምቢ ሲል ሕግ ይከልለናል፤ መከለልም አለበት። ግን ክለላው የሚያቆመው የት ላይ ነው? እጃችን ላይ? አፋችን ላይ? ወይስ ሕንፃው በር ላይ?

አሜሪካኖቹ ጉዳዩ ውስጥ የገቡት በሌላ በር ነው። በገንዘብ በር።

1972፣ ሞንታና፣ ቢሊንግስ ከተማ። አንዲት ነፍሰ ጡር በቀዶ ሕክምና ልትወልድ ቀጠሮ ይዛለች። ከዚህ በኋላ መውለድ አትፈልግም። ሆዷ ከተከፈተ አይቀር የማህፀን ቱቦዋም አብሮ እንዲቋጠር ጠየቀች። ቀዶ ጥገና ክፍል የምትሠሩ ታውቁታላችሁ፤ ሆድ ተከፍቶ እያለ ይህ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሆስፒታሉ ግን የካቶሊክ ነው። አይሆንም አለ። ሌላ ሆስፒታል ትሂድ እንዳይባል፣ በከተማዋ ማዋለጃ ያለው እሱ ብቻ ነው። ያለው ምርጫ ወልዶ፣ አገግሞ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሌላ ቦታ ሄዶ እንደገና መቀደድ ነው። ባልና ሚስቱ ፍርድ ቤት ሄዱ። ዳኛው ሆስፒታሉ ከፌዴራል መንግሥት የግንባታ ድጎማ መውሰዱን አዩ። በዚህ ምክንያት የሴትዮዋን ጥያቄ እንዳይከለክል አዘዙት።

ትእዛዙ ዋሽንግተን ድረስ አስደነገጠ። በዚህ ላይ በጥር 1973 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሮ እና ዌድ ክስ ጽንስ ማቋረጥን በመላ አገሪቱ ፈቀደ። አሁን ሁለቱን አንድ ላይ አስቡት። የመንግሥት ገንዘብ የወሰደ ሆስፒታል ሁሉ ሊገደድ ነው ማለት ነው። ያው ዓመት ሳያልቅ፣ የአይዳሆው ዴሞክራት ሴናተር ፍራንክ ቸርች ያቀረቡት ድንጋጌ በኮንግረስ አለፈ። «የቸርች ማሻሻያ» ይባላል። ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል። የቤተ ክርስቲያን ማሻሻያ ብለው የሚተረጉሙ አሉ። ቸርች የሰውየው ስም ነው፤ አጋጣሚ ነው።

ድንጋጌው የሚለው ይህን ነው። የፌዴራል ገንዘብ ስለተወሰደ ብቻ፣ ማንም ሰው እምነቱ ወይም የሞራል አቋሙ የማይፈቅደውን ጽንስ የማቋረጥ ወይም ቋሚ የማምከን ሥራ እንዲሠራ ወይም እንዲያግዝ አይገደድም። ተቋምም ቦታውን እንዲሰጥ አይገደድም። እዚህ ድረስ ሁሉም ሰው ያውቀዋል።

ሰው የሚረሳው ሌላኛውን ግማሽ ነው። ያው ሕግ፣ አንድ ሐኪም ወይም ነርስ ሕጋዊ የጽንስ ማቋረጥ ሥራ በመሥራቱ ምክንያትም ከሥራ አይባረርም፣ እድገት አይከለከልም ይላል። ልብ በሉ። እምቢ ያለውንም፣ እሺ ያለውንም ነው የከለለው። «ኅሊና» የሚለው ቃል የአንድ ወገን ንብረት እንዳልሆነ ሕጉን የጻፉት ሰዎች ገብቷቸው ነበር። ዛሬ ስለ ኅሊና ሲወራ ሁለተኛውን ግማሽ የሚያነሳ ሰው ስፈልግ ዓይኔ ይደክማል።

እንዲያም ሆኖ ሕጉ ለእምቢ ባዩም ቢሆን ላም አለኝ በሰማይ ነገር ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ አንዲት ነርስ ጽንስ በማቋረጥ ሥራ ላይ በግድ እንዳግዝ ተደርጌአለሁ ብላ ቀጣሪዋን ከሰሰች። በ2010 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ የቸርች ማሻሻያ ግለሰብ በራሱ ክስ የሚመሠርትበት መብት አይሰጥም አለ። መብት አለሽ፤ መክሰስ ግን አትችይም። ያለው መንገድ ለጤናና ሰብአዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ አቤት ማለት ነው። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ የሚመራው ምርጫ ባሸነፈው ወገን ነው።

ይህ ምን እንዳስከተለ ቶሎ ብዬ ልለፈው። በ1996 ስልጠናን የሚመለከት ሕግ ተጨመረ፤ ጽንስ ማቋረጥ አላስተምርም ወይም አልማርም ያለን የሚከልል። በ2004 ደግሞ ዌልደን የሚባለው ማሻሻያ መጣ። አቅራቢው ራሳቸው ሐኪም የነበሩ የፍሎሪዳ ተመራጭ ናቸው። ይህኛው ከሐኪምና ከሆስፒታል አልፎ የጤና ኢንሹራንስን ሳይቀር ይከልላል። ራሱን የቻለ ሕግ ሳይሆን በየዓመቱ በበጀት አዋጁ ውስጥ እየተሰፋ የሚያልፍ ነው። ከዚያ ማስፈጸሚያ ደንቡ እንደ ወቅቱ ፕሬዚዳንት መወዛወዝ ጀመረ። በ2008 ወጣ፤ በ2011 አብዛኛው ተሻረ፤ በ2019 ሰፍቶ ተመለሰ፤ በ2024 እንደገና ተጻፈ።

ከነዚህ የ2019ኙ ብቻ ለጉዳያችን ይጠቅማል። ያ ደንብ «ማገዝ» የሚለውን ቃል በጣም ለጠጠው። ቀጠሮ መያዝም ማገዝ ሊሆን ይችላል አለ። ክፍል ማዘጋጀትም እንዲሁ። የሳልፎርዷ ጸሐፊ አሜሪካ ቢሆን ኖሮ በዚያ ደንብ ታሸንፍ ነበር ማለት ነው። ዕድሜው ግን አጭር ሆነ። በሥራ ላይ ሳይውል፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የፌዴራል ዳኞች ሻሩት። የኒው ዮርኩ ዳኛ አንድ የሚያሳፍር ነገር አገኙበት። መሥሪያ ቤቱ ደንቡን ያወጣሁት የኅሊና አቤቱታዎች በጣም ስለጨመሩ ነው ብሎ ነበር። ዳኛው መዝገቡን ሲያገላብጡ፣ ከተቆጠሩት አቤቱታዎች አብዛኞቹ ከጉዳዩ ጋር የማይገናኙ ሆነው አገኟቸው።

አሁን ወደ አንድ መድኃኒት ቤት ልውሰዳችሁ። ለእኔ የዚህ ሁሉ ነገር እምብርት እዚያ ነው ያለው።

2002፣ ዊስኮንሲን፣ ሜኖሞኒ የምትባል ትንሽ ከተማ። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የወሊድ መከላከያ ክኒኗን በቀድሞ ማዘዣዋ ልትወስድ መጣች። ባንኮኒው ጀርባ አንድ ፋርማሲስት ብቻ አለ። ለእርግዝና መከላከያ ነው ወይ? ሲል ጠየቃት። አዎ አለች። አልሰጥሽም አላት። እሺ፣ ሌላ የት ላገኝ እችላለሁ? ስትለው አልነግርሽም አለ።

ልጅቷ ወጥታ ሌላ መድኃኒት ቤት ገባች። እዚያ ያለው ፋርማሲስት ማዘዣውን እንዲያስተላልፍለት ለመጀመሪያው ስልክ ደወለ። ይህ በየቀኑ የሚደረግ ነገር ነው። ያም አላስተላልፍም አለ። ሁለት ፋርማሲስቶች ስልክ ላይ ሲከራከሩ ልጅቷ ቆማ ታያለች። የመጀመሪያው ክኒን ቀኑ አለፈባት።

ሰውየውን ለመሳደብ አትቸኩሉ። ሥራ ሲጀምር የወሊድ መከላከያ እንደማይሰጥ ለአለቃው በጽሑፍ አሳውቋል። አለቃውም እሺ ብሎታል፤ እንዲህ ያለ ማዘዣ ሲመጣ እኔ እሰጣለሁ ብሎታል። በዚህ ድረስ እንከን የለውም። እንዲያውም ነገሩ እንዲህ ነው መሆን ያለበት። ያልተናገረው አንድ ነገር ነው። ማዘዣም እንደማያስተላልፍ፣ ታካሚንም ሌላ ቦታ እንደማይጠቁም ለማንም አልተናገረም። በ2005 የክፍለ ግዛቱ የፋርማሲ ቦርድ ቀጣው። ስልጠና እንዲወስድ፣ ወጪም እንዲከፍል፣ ለወደፊትም ምን እንደማይሰጥና ታካሚው እንዴት እንደሚስተናገድ አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ አዘዘው። በ2008 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ቅጣቱን አጸና። የተቀጣው እጁን ስለሰበሰበ አይደለም። መንገድ ስለዘጋ ነው።

እኔም የቆምኩት እዚያ ላይ ነው። እጅህን ሰብስብ፤ መብትህ ነው። ኅሊናው የማይፈቅደውን በግድ የሚሠራ ሐኪም እኔንም ባያክመኝ እመርጣለሁ። ታካሚዋ ግን ያልሰጠኸው ነገር በዓለም ላይ የሌለ መስሏት እንድትወጣ ማድረግ ሌላ ነው። ያ የአንተ ኅሊና ጉዳይ አይደለም። ያ የእሷ ሕይወት ነው።

ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ይህን በደንብ አድርጎ ቆርሶታል። በ2007 በወጣው ደንብ፣ ፋርማሲስቱ እንደ ግለሰብ ገለል ማለት ይችላል፤ መድኃኒት ቤቱ ግን መድኃኒቱን በወቅቱ የመስጠት ግዴታ አለበት። ማን እንደሚሰጥ የቤቱ ጣጣ ነው። አንድ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ቤተሰብ ተቃውሞ ከሰሰ። በ2015 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ደንቡን አጸናው፤ በሚቀጥለው ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ።

እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ ይመጣል፤ አሳንሼ ላቀርበው አልፈልግም። «እኔ አላደርግም፤ የሚያደርግልሽን ግን እነግርሻለሁ» ማለት ለብዙ አማኝ ሐኪም ያው መተባበር ነው። አንድ ሰው መጥቶ ጎረቤቴን ልገድል ነው፣ ጠመንጃ ስጠኝ ቢለኝ፤ እኔ አልሰጥህም፤ እዚያ ማዶ ያለው ሰውዬ ግን ይሰጥሃል ልበለው? የካናዳዋ ኦንታሪዮ ሐኪሞች ፍርድ ቤት የቆሙት ይህን በመሰለ ክርክር ነው። የሐኪሞቹ ተቆጣጣሪ አካል፣ የማትሠራውን ነገር ወደሚሠራ ሰው ላክ የሚል መመሪያ አውጥቶባቸው ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2019 ሲወስን፣ እውነት ነው መመሪያው የእምነት ነፃነታችሁን ይነካል አለ። አልካደም። ግን ታካሚው ሳይጉላላ ማግኘት ስላለበት ተገቢ ነው አለ።

እኔ ከኦንታሪዮ ትንሽ ለዘብ እላለሁ። ሐኪሙ ራሱ ስልክ ደውሎ፣ ራሱ ወረቀት ጽፎ ይላክ ብዬ አልከራከርም። ጽሕፈት ቤቱ ይላካት፤ ሌላ ነርስ ትላካት። ግን ክፍሉ ውስጥ «ይህን እኔ አልሠራም፤ ሕጋዊ ነው፤ ሌላ ሰው ይነግርሻል» የሚል ዓረፍተ ነገር መነገር አለበት። ይህን ያህል አፉ ካልከፈተ፣ ታካሚዋ አማራጭ እንዳላት እንኳ ሳታውቅ ነው የምትወጣው።

ድንገተኛ ላይ ብዙ አልቆይም። ማለቂያ ያለው ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ከ1986 ጀምሮ ድንገተኛ ክፍል ያለውና ሜዲኬር የሚባለውን የመንግሥት የጤና መድን የሚቀበል ሆስፒታል የመጣውን ሰው መርምሮ ማረጋጋት አለበት። የብሪታንያው ሕግም የኅሊና አንቀጹ ሕይወት ለማዳን ወይም ከባድ ዘላቂ ጉዳት ለመከላከል በሚደረግ ሕክምና ላይ አይሠራም ብሎ ቆርጦ ጽፏል። ኒው ጀርሲ ውስጥ የአንዲት የማዋለጃ ክፍል ነርስ ክስ ነበር። ደም እየፈሰሳት ለመጣች ነፍሰ ጡር በሚደረግ ቀዶ ሕክምና አላግዝም አለች፤ ምክንያቱም ጽንሱ አብሮ ያልቃል። ሆስፒታሉ ወደ ጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ላዛውርሽ አላት። እንቢ አለች። በ2000 ፍርድ ቤቱ፣ የቀረበልሽ አማራጭ ተገቢ ነበር ብሎ ለሆስፒታሉ ፈረደ። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። የኅሊና መብት ማለት እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ መቆየት ማለት አይደለም። አንዳንዴ ክፍል መቀየር ይጠይቃል።

የኅሊና ተቃውሞ ሲጀመር ዋጋ የሚያስከፍል ነገር ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ የ1940ውን የምልመላ ሕግ ስታወጣ፣ እምነቴ መግደል አይፈቅድም ያለ ሰው እንዳይዘምት ፈቀደች። ግን ቤትህ ቁጭ በል አላለችውም። በምትኩ ሥራ ተሰጠው። ከ10 ሺህ በላይ የሚሆኑት ደን ሲያለሙ፣ እሳት ሲያጠፉ፣ ያለ ደሞዝ ሲሠሩ ከረሙ። ከመካከላቸው ብዙ ሰዎች የተመደቡት የት መሰላችሁ? በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎች። ሰው አንገድልም ያሉት ሰዎች ማንም የማይፈልገውን የሆስፒታል ሥራ ሠሩ። የዛሬው እምቢ ባይ ሐኪም ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው የለም። የሚከፍለው አብሮት ያለው ሐኪም ነው፤ የእሱን ተራ ደርቦ የሚሠራው።

ጣሊያንን እዩ። በ1978 በወጣው ሕግ ቁጥር 194 ጽንስ ማቋረጥ ተፈቀደ፤ ዘጠነኛው አንቀጽ ደግሞ ተቃዋሚን ከለለ። አንቀጹ በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ተቃውሞ አስቀድሞ ይገለጻል፤ ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ አይሠራም፤ ከሕክምናው በፊትና በኋላ ካለው እንክብካቤም አያስጥልም። ግን የጤና ሚኒስቴሩ ባወጣው የ2021 መረጃ መሠረት ከማህፀን ሐኪሞች ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ተቃዋሚ ሆነው የተመዘገቡ ነበሩ። ሁሉም ከልባቸው ነው ወይ? አላምንም። ጽንስ የሚያቋርጥ ሐኪም ቀኑን ሙሉ ያንኑ ሲሠራ ይውላል፤ እድገት ይቀርበታል፤ ባልደረቦቹም የጎሪጥ ያዩታል። ተቃዋሚ ነኝ ብሎ መፈረም ያሳርፋል። የአውሮፓ ምክር ቤት የማኅበራዊ መብቶች ኮሚቴ ጣሊያንን ሁለት ጊዜ ጥፋተኛ ብሏታል። ሁለተኛው፣ በ2016 የወጣው፣ የሴቶቹን ብቻ አይደለም ያነሳው። ተቃዋሚ ያልሆኑት ሐኪሞች በሥራ ቦታቸው ይበደላሉ ብሏል።

ሕንፃ ኅሊና አለው ወይ? ይህን ጥያቄ ጭንቅላቴ ውስጥ ስንት ዓመት ሳገላብጠው ኖሬአለሁ። በአሜሪካ ከ7 የሆስፒታል ታካሚዎች አንዱ የሚታከመው በካቶሊክ ሆስፒታል ነው ሲሉ ሆስፒታሎቹ ራሳቸው ይናገራሉ። እነዚህ ሆስፒታሎች የሚሠሩት በጳጳሳት መመሪያ ነው። እዚያ የምትሠራ ሐኪም የማህፀን ቱቦ መቋጠር ልክ ነው ብላ ብታምንም፣ በሕንፃው ውስጥ አትሠራውም። እዚህ ላይ የሕንፃው ኅሊና የሐኪሟን ኅሊና ዋጠው። ድርጅት በአንድ እምነት ዙሪያ ተሰባስቦ ሆስፒታል ቢሠራ ክፋት የለውም፤ ድሃ ሲያክሙ የኖሩት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። ግን በር ላይ ይጻፍ። ምን እንደማይሠሩ በጉልህ ይጻፍ። የቢሊንግሷ ሴት ያጋጠማት ችግር ሆስፒታሉ ማመኑ አልነበረም። ብቸኛው መሆኑ ነበር።

አንዳንዶቻችሁ ይህ ሰውዬ ስለ ጽንስ ብቻ ነው እንዴ የሚያወራው እያላችሁ ይሆናል። እሺ፣ ወደ ሌላ ክፍል እንሂድ። የካቲት 2006፣ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ኩዌንቲን እስር ቤት። የሞት ፍርድ የተፈረደበት ሰው በመርፌ ሊገደል ነው። ዳኛው ሰውየው እንዳይሰቃይ ሰመመን ሰጪ ሐኪሞች ይገኙ ብለዋል። ሁለት ሐኪሞች ተገኙ። ሰዓቱ ሲቃረብ፣ ሰውየው ቢነቃ እጃቸውን እንዲያስገቡ ሊጠየቁ እንደሚችሉ ተረዱ። አናደርገውም አሉ። ወጡ። ግድያው ተላለፈ። ካሊፎርኒያ ከዚያ ወዲህ ማንንም አልገደለችም።

እነዚያን ሁለት ሐኪሞች ስታስቡ ደስ ያላችሁ፣ የዊስኮንሲኑ ፋርማሲስት ግን ያናደዳችሁ አላችሁ። የተገላቢጦሹም አላችሁ። ሁለቱንም እዩና ስሜታችሁን ፈትሹት። ሕጉ ከሚወዱት ሰው ጋር አንድ ዓይነት፣ ከሚጠሉት ሰው ጋር ሌላ ዓይነት መሆን አይችልም።

የመጨረሻዎቹን ሁለት አገሮች ላንሳና ልቁም። ስዊድን ለጤና ባለሙያ የኅሊና አንቀጽ የላትም። ጽንስ በማቋረጥ አንሳተፍም ያሉ ሁለት አዋላጆች ሥራ ተከለከሉና እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ሄዱ። በ2020 አቤቱታቸው ውድቅ ሆነ። ይህ ለእኔ በጣም ደረቅ ነው። ቦታ ያለው ሆስፒታል አንዲትን አዋላጅ ሌላ ክፍል መመደብ አያቅተውም።

ኖርዌይ ላይ ያለችው ሐኪም ታሪክ ይሻለኛል። የቤተሰብ ሐኪም ነች፤ ማህፀን ውስጥ የሚገባውን የወሊድ መከላከያ ሉፕ አላስገባም ትላለች። ስትቀጠር ይህን ለማዘጋጃ ቤቱ ተናግራለች፤ እነሱም በቃል እሺ ብለዋታል። በኋላ ደንብ ተለወጠና ውሏ ተቋረጠ። በ2018 የኖርዌይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለእሷ ፈረደ። አስቀድማ ተናግራለች፤ ተስማምታችሁ ቀጥራችኋታል አለ።

እዚህ ላይ ንግግሬን ጨርሼ ጥያቄ ተቀበልኩ። የመጀመሪያዋ እጅ ያወጣችው ከኋላ የተቀመጠች ወጣት አዋላጅ ናት።

«ሌሊት ብቻዬን ተረኛ ብሆንና እንዲህ ያለ ታካሚ ብትመጣስ?» አለች።

«ደም እየፈሰሳት ከሆነ ጥያቄ የለውም፤ ትሠሪያለሽ» አልኳት። «ካልሆነ ግን ጥያቄው የዚያን ሌሊት ጥያቄ አይደለም፣ እህቴ። የተረኛ ፕሮግራም የሚወጣበት ቀን ጥያቄ ነው። ፕሮግራሙን የሚያወጣው ማነው?»

«ማትሮኗ ናቸው።»

«ነግረሻቸዋል?»

ዝም አለች። ፊት ያሉት ዞረው አዩዋት።

«ፈራሁ» አለች። «ሥራዬን ባጣስ ብዬ።»

የኖርዌይዋን ሐኪም መልሼ አስታወስኳት። ያሸነፈችው ስለተናገረች ነው አልኳት። ይህን እየተናገርኩ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ሴት እጃቸውን አወጡ። ማይክ እንዲሰጣቸው ምልክት አደረግኩ። አልፈለጉትም። ወደ ኋላ ዞሩና «ሲስተር፣ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ነይ» አሏት።